መጀመሪያ በጎማ፣ ቀጥሎ በክሪክ፦ ተሳቢ ቤትን በተዳፋት ቦታ ማስተካከል

ከዋሽንግተን ዲሲ ወይም ከሲልቨር ስፕሪንግ ተሳቢ ቤት በፒክአፕ ጎትቶ ወደ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ለሚወጣ ቤተሰብ፣ አስቸጋሪው ነገር መንዳቱ ሳይሆን ማቆሙ ነው። ፓርኩ ብሉ ሪጅ ተራሮች ላይ ነው፤ 105 ማይል የሚረዝመው የስካይላይን ድራይቭ መንገድም የተራራውን ጀርባ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ በቢግ ሜዶውስም ሆነ በሎፍት ማውንቴን የካምፕ ሰፈር ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ወይም ቁልቁል የሚወርድ ቦታ ቢደርስዎ አይገረሙ።

ሥራው ጉልበት አይጠይቅም፤ ቅደም ተከተሉ ግን መፍረስ የለበትም። የግራና የቀኙ ዘንበል የሚስተካከለው በጎማ ነው፣ ተሳቢው ከመኪናው ሳይፈታ። የፊትና የኋላው የሚስተካከለው በፊት ክሪክ ነው፣ ተሳቢው ከተፈታ በኋላ። በአራቱ ማዕዘን ያሉት እግሮች ደግሞ ቤቱን ከመንቀጥቀጥ ይይዙታል እንጂ አያነሱትም። ሰው የሚደክመው፣ አንዳንዴም ንብረት የሚሰበረው፣ ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ነው።

ፍሪጁ ለምን ይጨነቃል

ባጋደለ ቤት ውስጥ ዘይቱ ከመጥበሻው አንድ ጎን ይሰበሰባል፣ የሻወሩ ውሃ ማፍሰሻውን ትቶ ጥግ ላይ ይቆማል፣ በሩ በራሱ ይከፈታል፣ ጭንቅላቱ ወደ ቁልቁለቱ ሆኖ የተኛ ሰው ራሱን እያመመው ይነሳል። ይህን ሁሉ ሰው ለሁለት ሌሊት ይችለዋል። ፍሪጁ ግን አይችልም።

በጋዝም በኤሌክትሪክም የሚሠራው የተሳቢ ቤት ፍሪጅ ኮምፕረሰር የለውም። ከጀርባው ባለ ማሞቂያ ውስጥ የአሞኒያና የውሃ ድብልቅ ይፈላል። አሞኒያው ተን ሆኖ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቅዞ ፈሳሽ ይሆናል፣ ሃይድሮጅን ካለበት ክፍል ሲገባ እንደገና ይተንና ከፍሪጁ ውስጥ ሙቀት ይወስዳል፣ ከዚያ ከውሃው ጋር ተዋህዶ ወደ ማሞቂያው ይመለሳል። ፓምፕ የሚባል ነገር የለም። ፈሳሹን የሚያወርደው የመሬት ስበት ብቻ ነው፣ ቧንቧዎቹም ያላቸው ቁልቁለት ትንሽ ነው። ተሳቢው ሲያጋድል ፈሳሹ ቧንቧው ውስጥ ተኝቶ ይቀራል፣ እሳቱ ግን መንደዱን አያቆምም። ማሞቂያው ያለ ልክ ይግላል፤ ብረቱ እንዳይዝግ የተጨመረው ኬሚካልም ረግቶ መተላለፊያውን ይደፍነዋል። ጉዳቱ ወዲያው አይታይም፤ በየጉዞው እየተጠራቀመ ይሄዳል። አንዴ ከተደፈነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መፍትሔው ከጀርባ ያለውን የማቀዝቀዣ ክፍል በሙሉ መለወጥ ነው።

በመንገድ ላይ ስለ ዘንበሉ አይጨነቁ፤ የጉዞው መናወጥ ፈሳሹ አንድ ቦታ እንዳይተኛ ያደርገዋል። ችግሩ ቆሞ ማጋደል ነው። የኖርኮልድ ፍሪጆች መመሪያ የሚፈቅደው በጎን እስከ 3 ዲግሪ፣ በፊትና ኋላ እስከ 6 ዲግሪ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ልኩ የሚነገረው ፍሪጁን ፊት ለፊት እያዩ እንጂ ተሳቢውን እያዩ አይደለም። ፍሪጁ በጎን ግድግዳ ላይ ከተተከለ፣ እንደ ብዙዎቹ ማለት ነው፣ የፍሪጁ ጎን የተሳቢው ፊትና ኋላ ይሆናል። ስለዚህ የትኛው የትኛው ነው እያሉ ራስዎን አያድክሙ፤ በሁለቱም አቅጣጫ ከ3 ዲግሪ በታች ያድርጉት፣ አለቀ።

የእርስዎ ፍሪጅ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ማወቂያው ቀላል ነው። ማዘዣው ላይ ጋዝ የሚል ምርጫ ካለ ይህ የተነገረው ዓይነት ነው። በባትሪ ብቻ የሚሠራና እንደ ቤት ፍሪጅ ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ ኮምፕረሰር አለው፤ ዘንበልን ይበልጥ ይችላል። አዳዲስ ተሳቢዎች ብዙ ጊዜ ይህኛውን ይዘው ይመጣሉ። ሸናንዶዋ ውስጥ ካሉት የካምፕ ሰፈሮች አንዱም በየቦታው የኤሌክትሪክ መሰኪያ ስለሌለው፣ የመጀመሪያው ዓይነት ፍሪጅ ያለው ሰው ሌት ተቀን በጋዝ ነው የሚያሠራው። ለክትፎ የተገዛ ሥጋ በሐምሌ ሙቀት እዚያ ውስጥ ካለ፣ ማስተካከሉ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይሆንም።

የሚያዝ ዕቃ

2 ጫማ ርዝመት ያለው የግንበኛ ውሃ ልክ፣ ሜትር፣ አንድ ቦርሳ የሚገጣጠሙ የፕላስቲክ ብሎኮች፣ ቢያንስ አራት የጎማ ታኮዎች፣ ጥቂት ቁራጭ ጣውላ፣ የእግሮቹ ማኖቬላ። ተሳቢውን የተከራዩት ከሆነ አከራዩ ዘንድ ሳሉ ቦርሳውን ይክፈቱና ይቁጠሩ፤ ተራራው ላይ ይህን የሚሸጥ ሱቅ ላያገኙ ይችላሉ።

ጣውላ ከብሎክ አያንስም፣ ይረክሳልም። ግን ሃርድዌር ሱቅ ውስጥ “2 በ 8” ተብሎ የሚሸጠው ጣውላ በእውነቱ 2 ኢንች አይወፍርም፤ ውፍረቱ 1 ኢንች ተኩል ነው። ሲደራርቡ ይህን ካላሰቡ ሒሳቡ አይገጥምም። የፕላስቲክ ብሎኮቹ አንዱ ድርብ ከፍታው ወደ 1 ኢንች ገደማ ነው። ሦስተኛ አማራጭ አለ፤ እንደ ሙዝ የጎበጠ መወጣጫ። ጎማው በዝግታ እየወጣበት ልክ ሲመጣ ያቆሙና የራሱን ሽብልቅ ከሥሩ ይሰካሉ። መቁጠር የለም፣ መደርደር የለም። ገንዘቡ ካለ እኔ የምመርጠው ይህን ነው፤ ብቻ የሚሸከመው ክብደት ላዩ ላይ ተጽፎ ይገኛልና ከተሳቢዎ ክብደት ጋር ያመሳክሩት።

ስልክ ላይ ያለው ውሃ ልክ ሌላ ሲጠፋ ይረዳል። ግን የካሜራው እብጠት ስልኩን ያጋድለዋልና እንዳለ አይመኑት። ማንኛውንም ውሃ ልክ የሚፈትኑበት ዘዴ አንድ ነው፦ አንድ ቦታ ላይ ያስቀምጡና ያንብቡ፣ ከዚያ ጫፍና ጫፉን አዙረው እዚያው ያስቀምጡ። አረፋው በሁለቱም ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ እኩል ከሄደ መሣሪያው እውነተኛ ነው። ቦታውን ቀይሮ ወደ ሌላው አቅጣጫ ከሄደ መሣሪያው ነው የሚዋሸው።

ቦታውን ገና ሲይዙ

በሬክሬሽን ዶት ገቭ ድረ ገጽ ቦታ ሲይዙ ብዙ ሰው የሚያየው ፎቶውንና ዋጋውን ነው። ዝቅ ብለው ዝርዝሩን ያንብቡ፤ ለብዙዎቹ ቦታዎች የመግቢያው ርዝመት፣ ጠጠር ወይም አስፋልት መሆኑ፣ ተዳፋትነቱም ጭምር ተጽፏል። ተዳፋቱ ትንሽ ነው የተባለውን ይምረጡ። በዚያው በሰሜን በኩል የሚገቡ ከሆነ ሜሪስ ሮክ የሚባለው ዋሻ ከፍታው 12 ጫማ ከ8 ኢንች መሆኑን ይያዙ። ይህ ከማስተካከል ጋር አይገናኝም፣ ነገር ግን የተሳቢዎን ቁመት ከነጣሪያው ኤሲ የማያውቁ ከሆነ የሚያውቁበት ሰዓት አሁን ነው።

ሲደርሱ በብርሃን ይድረሱ። ከመግባትዎ በፊት ከመኪናው ወርደው ቦታውን በእግር ይዙሩት፣ ቀና ብለው ቅርንጫፎቹንም ይዩ። ዝናብ የቦረቦረው፣ ሥር የገፋው፣ ጠጠሩ የለቀቀ የት ጋ እንደሆነ ያያሉ። ተሳቢውን አንድ ሜትር ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ማንቀሳቀስ ብቻ ሙሉ የብሎክ ሥራ የሚያስቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሳይፈቱ፦ ግራና ቀኝ

ተሳቢውን ሊያቆሙበት የፈለጉት ቦታ ላይ አድርሰው ያቁሙ። ውሃ ልኩን ይዘው ይግቡና ወለሉ ላይ፣ ከተቻለም በጎማዎቹ ትይዩ፣ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ አቅጣጫ ያስቀምጡት። ወለሉ ለስላሳ ምንጣፍ ካለው የፍሪጁ በረዶ ቤት ውስጥ ያለው ጠፍጣፋ ቦታ ይሻላል፤ አጭር ውሃ ልክ እዚያ ይገባል። ተሳቢው ውጭ ላይ የተለጠፉ አረፋዎች ካሉ መጀመሪያ ከዚህ ጋር ያስተያዩዋቸው፤ የኪራይ ተሳቢ ላይ ማን እንደለጠፋቸው አይታወቅም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ዝቅ ያለውን የውሃ ልኩን ጫፍ በጣትዎ አረፋው መሀል እስኪገባ ድረስ ያንሱት። በጫፉና በወለሉ መካከል የተፈጠረውን ክፍተት በሜትር ይለኩ። በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ያለው ስፋት 6 ጫማ ከሆነ፣ ያ የውሃ ልክዎን ሦስት እጥፍ ነው፤ ስለዚህ ክፍተቱን በ3 ያባዙ። 1 ኢንች ክፍተት ካገኙ ዝቅ ያለው ጎን ያሉት ጎማዎች 3 ኢንች መውጣት አለባቸው። የእርስዎ ተሳቢ ስፋቱ ሌላ ከሆነ አንዴ ለክተው ቁጥሩን በሩ ውስጥ ይጻፉት።

ለማመዛዘን ያህል፣ በ6 ጫማ ስፋት ላይ 1 ዲግሪ ማለት ከ1 ኢንች ትንሽ የሚበልጥ ከፍታ ነው። ስለዚህ ግማሽ ኢንች ቀረ ብለው ተሳቢውን እንደገና ማንቀሳቀስ አያስፈልግዎትም። አረፋውን መስመሩ ላይ ለመስቀል አንድ ሰዓት የሚደክም ሰው በየካምፑ አይጠፋም፤ ፍሪጁም እንቅልፍዎም ያን ያህል አይጠይቁም።

ብሎኮቹን በደረጃ ይደርድሩ። 3 ኢንች ለመውጣት ከሥር 3 ብሎክ ርዝመት፣ በላዩ 2፣ በላዩ ደግሞ 1 ያደርጋሉ፣ ጎማው ደረጃ በደረጃ እንዲወጣ። ተሳቢው ባለ ሁለት አክሰል ከሆነ በዚያ ጎን ያሉት ሁለቱም ጎማዎች እኩል መውጣት አለባቸው፤ ብሎኩንም እጥፍ ያስቡ። አንዱን ብቻ ማውጣት ክብደቱን ሁሉ በአንድ ጎማና በአንድ ባሌስትራ ላይ ይጥለዋል። የጎማው መርገጫ በሙሉ ብሎኩ ላይ ማረፍ አለበት፤ ጫፉ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ያደረ ጎማ ውስጡ ያለው ሽቦ ይጎዳል፣ ጉዳቱም ከውጭ አይታይም። መሬቱ የለቀቀ ጠጠር ወይም ጭቃ ከሆነ ከሁሉም ሥር ሰፊ ጣውላ ያንጥፉ፣ አለበለዚያ ያወጡትን ያህል ይሰምጣል።

ከዚያ አንድ ሰው ጎማው አጠገብ በጎን በኩል ይቁም፣ አንድ ሰው ይንዳ። ይህ የረዳት ሥራ ነው፤ የአገራችን የጭነት መኪና ረዳት ሲያስገባ እንደሚያደርገው “ና፣ ና፣ ና… በቃ!” የምትለዋ አጭር ቃል ከረጅም ማብራሪያ ትበልጣለች። ሹፌሩ ረዳቱን በመስታወት ካላየው ይቁም። ልጆች ደግሞ ከመኪናው ራቅ ብለው፣ ሹፌሩ በሚያያቸው ቦታ ይሁኑ። ነዳጅ ሰጥቶ ዘሎ መውጣት የለም፤ ፍሬኑ ላይ እግር ሳይነሳ፣ ቀስ ብሎ ነው። ጎማው አናቱ ላይ መሀል ሲሆን ያቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ገብተው ውሃ ልኩን እንደገና ያንብቡ።

ሊያወጡት የሚገባው ከ4 ወይም ከ5 ኢንች በላይ ከሆነስ? የእኔ ምክር ብሎክ መደራረቡን ትተው ቦታ እንዲፈልጉ ነው፤ ያው መግቢያ ላይ አቅጣጫውን ትንሽ አጥመው፣ ካልሆነም የካምፑን ሠራተኞች ሌላ ቦታ ጠይቀው።

ታኮ፣ ከዚያ መፍታት

አሁን ታኮ። ከጎማው ፊትም ከኋላም፣ በሁለቱም ጎን፣ በእግር እየተመቱ ጥብቅ እስኪሉ። ከሁሉም በላይ የሚታመነው መሬት የረገጠው ጎን ነው፤ ብሎክ ላይ የወጣው ጎማ ታኮው ከብሎኩ ጋር አብሮ ሊንሸራተት ይችላል። ወፍራም ጎማ ታኮ ከቀላሉ ባዶ ፕላስቲክ የተሻለ መሬት ይይዛል። ድንጋይ የምናውቀው ታኮ ነው፤ በየዳገቱ ከባድ መኪና ሥር ሲገባ፣ መኪናው ሲሄድ ደግሞ አስፋልቱ መሀል ቀርቶ የሌላውን ሻንሲ ሲጠብቅ አይተናል። እዚህ አይሞክሩት፤ ክብ ድንጋይ ጠጠር ላይ ይንከባለላል።

የፊት ክሪኩ ከሚያርፍበት ሥር ወፍራም ጣውላ ያድርጉ። መሬቱ ወደ ፊት ቁልቁል ከሆነ ክሪኩ ብዙ መርዘም ይኖርበታል፤ ስለዚህ ጣውላዎቹን መስቀልያ አድርገው ከፍ ያለ መደላድል አስቀድመው ይሥሩለት። እስከ መጨረሻው ጥርሱ የወጣ ክሪክ በትንሽ ግፊት ይወላውላል። ክብደት ማከፋፈያ ብረቶች ካሉ፣ ተሳቢው ከመኪናው መጎተቻ ኳስ ሳይለቅ ክሪኩን ወደ ላይ ሲያጦዙ የመኪናው ኋላ አብሮ ይነሳና ውጥረታቸው ይላላል፤ ያኔ ያውልቋቸው። ተወጥረው ሳሉ የሚፈታቸው ሰው ለእጁም ለጥርሱም ያሰጋል።

ከዚያ የኳሱን መቆለፊያ ይክፈቱና ተሳቢውን በክሪኩ ያንሱት። የደኅንነት ሰንሰለቶቹን ግን ገና አይንኳቸው። ተሳቢው ከኳሱ ተላቆ ክብደቱ በሙሉ በታኮዎቹ ላይ ሲያርፍ ትንሽ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሊል ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚይዘው ሰንሰለቱ ነው። አንድ ደቂቃ ቆመው ይዩት፣ ጸጥ ካለ ሰንሰለቱንና የኤሌክትሪኩን ገመድ ይፍቱ። መቆለፊያው አልከፈት ካለ አይቀጥቅጡት፤ ተዳፋቱ ኳሱን ገፍቶ ይዞታል ማለት ነው። መኪናውን አንድ ጣት ያህል ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ማንቀሳቀስ ይለቀዋል።

ተሳቢው ከኳሱ የተላቀቀበትን ከፍታ ክሪኩ ላይ በባለቀለም ፕላስተር ምልክት ያድርጉበት። የሚሄዱ ቀን ጠዋት መኪናውን መልሶ ለማስገባት ክሪኩ የት ድረስ መነሳት እንዳለበት መገመት አይኖርብዎትም።

ፊትና ኋላ

ይህ ቀላሉ ነው። መኪናውን ወደ ፊት ያውጡ፣ ውሃ ልኩን በተሳቢው ርዝመት አቅጣጫ ያስቀምጡ፣ ክሪኩን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እያዞሩ አረፋውን መሀል ያስገቡ። ፊቱ ወደ ዳገቱ የዞረ ተሳቢ አፍንጫው መሬት እስኪነካ መውረድ ካለበትና አሁንም ካልበቃ፣ ሁሉንም ጎማዎች በእኩል ብሎክ ላይ ማውጣት ነው፤ ይህ ማለት እንደገና መኪናውን አስሮ መጀመር ነው። ለዚህ ነው መጀመሪያ በእግር ዞሮ ማየቱ።

አራቱ እግሮች

መሬት በማይደርሱበት ጎን ጣውላ ከሥራቸው እያደረጉ በማኖቬላ ያውርዷቸው። መሬት ሲረግጡ፣ ከዚያ በኋላ ግማሽ ዙር ያህል ጠበቅ ሲሉ ይበቃል። እግሩን እያጦዙ ያጋደለውን ጎን ለማንሳት መሞከር ሻንሲውን ያጣምማል፣ እግሩንም ያጎብጣል። ምልክቱ በሩ ነው፦ ከማጥበቅዎ በፊት ያለችግር ይዘጋ የነበረ በር አሁን ቢጣበቅ፣ ከልክ በላይ አጥብቀዋል፣ መልሰው ያላሉት። በኤሌክትሪክ ድሪል የሚያዞር ሰው ደግሞ የቱ ጋ ማቆም እንዳለበት በእጁ አይሰማውምና የመጨረሻዋን ዙር በእጅ ያድርጋት።

ወደ ጎን የሚወጣ ስላይድ ካለ የሚወጣው ቤቱ ከተስተካከለ በኋላ ነው። ከእግሮቹ በፊት ወይስ በኋላ ለሚለው አምራቾቹ ስለሚለያዩ የተሳቢዎን መመሪያ ይከተሉ። የጥላውን ሸራ ሲዘረጉ ግን የአንዱን ጎን ክንድ ዝቅ ያድርጉት፤ ቤቱ ደልደል ብሎ ሸራውም ደልደል ካለ ሌሊት የዘነበው ዝናብ ሆዱ ላይ ተጠራቅሞ ክንዱን ይሰብረዋል።

ለአንድ ሌሊት ብቻ ከሆነና የፊትና የኋላው ዘንበል ትንሽ ከሆነ፣ የግራና የቀኙን በብሎክ አስተካክለው፣ ታኮ አድርገው፣ ሳይፈቱ ማደር ይቻላል። በተለይ አምሽተው ከደረሱ ይህን እመክራለሁ።

ሲነሱ

ሁሉም ወደ ኋላ ይገለበጣል። ስላይዱ ይገባል፣ አራቱ እግሮች እስከ ላይ ይጠቀለላሉ፣ በክሪኩ እስከ ፕላስተሩ ምልክት ያነሱታል፣ መኪናው ይገባል፣ መቆለፊያው ይዘጋል፣ ሰንሰለቱና ገመዱ ይታሰራል፣ ክሪኩ ይወጣል። ታኮ የሚነሳው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ መኪናው ፍሬን ተይዞ። ከዚያ ከብሎኩ ቀስ ብለው ይውረዱና ከመሄድዎ በፊት አንድ ዙር ይዙሩ፦ እግሮቹን አንድ በአንድ፣ የጋዙን ቫልቭ፣ መሬት ላይ የቀረ ብሎክ ካለ። ጭቃ የያዛቸውን ብሎኮች በዱላ እያላቀቁ ወደ ቦርሳው ይመልሷቸው፤ ጎድለው ከተገኙ አከራዩ ያስከፍላል።